የዘፈን ቃል ሲሸጋገር፤ የሮክ ባንዶች በሶል ዘፈኖች ግጥም ላይ ስላደረጉት ለውጥ

አንድ ዘፈን ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ወይም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ቃሉ እንደ ነበረ አይቀመጥም። ይህ ነገር በቃል ብቻ ሲወርዱ በመጡት የባላገር ዘፈኖች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፤ የባህል ተመራማሪዎች የአንዱን ዘፈን ልዩ ልዩ ዐይነት ሰብስበው እርስ በርሱ ማስተያየትን ልማድ አድርገውታል። ዳሩ ግን ዘፈኑ በሸክላ ከተቀረጸ፤ ደራሲው በስም ከታወቀና መብቱ በሕግ ከተጠበቀ በኋላም ቢሆን የቃል መለወጥ አይቀርም። ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የአሜሪካና የእንግሊዝ አገር የሮክ ባንዶች የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ዘፈኖች ወስደው ደግመው በዘፈኑ ጊዜ በግጥሙ ላይ ያደረጉት ለውጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ለውጥ ብዙ ጊዜ ወይ እንደ ስሕተት ወይም እንደ ዘፋኙ የግል ፈቃድ ብቻ ይቈጠራል። ነገሩ በዝርዝር ሲታይ ግን ለውጡ በግጥሙ ላይ እንዲያው በአጋጣሚ የወደቀ አይደለም። ታሪኩና አዝማቹ በአብዛኛው ሳይነኩ ይቀራሉ። የሚለወጡት፤ የሚጨመሩት ወይም የሚቀሩት ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ፤ በየት ስፍራ እንደሚናገርና ለማን እንደሚናገር የሚያመለክቱት ጥቂት ቃላት ናቸው። እነዚህም ቃላት ቍጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ዘፈኑ ከየትኛው ማኅበር ወጥቶ ወደ የትኛው ማኅበር እንደ ገባ የሚያስረዱ ምልክቶች ናቸው።

ሀ) የሶል ዘፈን አመጣጥ

«ሶል» በእንግሊዝኛ ነፍስ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ዘፈን በ1950ዎቹ ዓመታት የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና «ሪትም ኤንድ ብሉስ» የሚባለው የዓለማዊ ዘፈን ዐይነት ተቀላቅለው ያስገኙት ነው። ከመዝሙሩ የወረሰው ዋና ጠባይ አንዱ አውጥቶ ሌሎቹ መቀበላቸው ነው፤ አውጪው እንደ ሰባኪ ይናገራል፤ ተቀባዮቹም እንደ ምእመናን ይመልሱለታል።

በዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሶል ዘፈን ራሱ የተወለደው በቃል መለወጥ ነው። ሬይ ቻርልስ በ1954 ያስቀረጸው «አይ ጋት ኤ ዉማን» የተባለው ዘፈን «ሳውዘርን ቶንስ» የተባሉት መዘምራን ስለ ኢየሱስ ከዘመሩት መዝሙር የተወሰደ ነው። ለአምላክ ይቀርብ የነበረው ምስጋና ለሴት ሆነ፤ ዜማውና የድምፁ አወጣጥ ግን የቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ቀረ። ይህንም ድርጊት የነቀፉት አማኞች ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ የሮክ ባንዶች የሶልን ቃል መለወጥ ሲጀምሩ ልማዱ ቀድሞም የነበረ ነው፤ አዲስ የሆነው የሚሻገሩት ድንበር ነው።

ለ) ተናጋሪው ማን ነው?

በጣም ተራ የሆነው ለውጥ የጾታ ለውጥ ነው። በ1961 «ማርቨሌትስ» የተባሉት፤ በዲትሮይት አጠገብ ባለችው በኢንክስተር ከተማ ትምህርት ቤት የተገናኙ ልጃገረዶች «ፕሊስ ሚስተር ፖስትማን» የተባለውን ዘፈን አስቀረጹ። በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ልጅ ከወዳጇ ደብዳቤ እንደ መጣላት ፖስተኛውን ትጠይቃለች። ይህ ዘፈን ቤሪ ጎርዲ በዲትሮይት ካቋቋመው ከሞታውን ኩባንያ ሸክላዎች ውስጥ በመላው አሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ለመሆን የመጀመሪያው ነው። የእንግሊዞቹ ቢትልስ በ1963 ደግመው ሲዘፍኑት ጆን ሌነን አውጪ፤ ባልንጀሮቹም ተቀባይ ሆኑ፤ የሚናፈቀው ወንድ ወደ ሴት ተለወጠ። ከዚህ በቀር ነገሩ ሁሉ እንዳለ ነው።

የዚህ ዘፈን የቀድሞ ታሪክ ግን ከለውጡ ይልቅ ያስተምራል። ከልጃገረዶቹ አንዷ የሆነችው ጆርጂያ ዶቢንስ ዘፈኑን የተቀበለችው ዊልያም ጋሬት ከተባለ ወዳጇ ሲሆን፤ ርእሱን ብቻ አስቀርታ የቀረውን ቃል እንደ ገና ጻፈችው። ከዚያም የሞታውን የዘፈን ደራሲዎች አሻሻሉት፤ ከእነርሱም መካከል ፍሬዲ ጎርማን በሥራው ፖስተኛ ነበር። እንግዲህ ቢትልስ «የመጀመሪያው» ብለው የሰሙት ሸክላ ራሱ በብዙ እጅ የተለዋወጠ ነው።

ለውጡ ሁልጊዜ የተሟላ አይደለም። «ሸሬልስ» የተባሉት ልጃገረዶች በ1960 ያስቀረጹትን «ቦይስ» የተባለ ዘፈን ቢትልስ በ1963 ሲያስቀርጹ፤ ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ዘፈነው፤ ነገር ግን ስለ ወንዶች ልጆች ደስታ የሚናገረው አዝማች በሴቶቹ አፍ እንደ ነበረው ቀረ። ወጣቶቹ ያፈቀሩት የዘፈኑን ድምፅና ምት እንጂ የተናጋሪዋን ማንነት አልነበረም። ስለዚህም ጾታው የተለወጠበት «ፖስትማን»ና አዝማቹ ያልተለወጠበት «ቦይስ» በአንድ ዓመት፤ በአንድ ባንድ ሊገኙ ቻሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ቃል መጨመር ብቻውን የተናጋሪውን ሐሳብ ያዞረዋል። ባሬት ስትሮንግ በ1959 የዘፈነው «መኒ» የተባለው ዘፈን ስለ ገንዘብ ፍላጎት በቀልድና በምሬት የሚናገር ነው። ቢትልስ በ1963 ሲያስቀርጹት ሌነን ወደ መጨረሻው ነፃ ለመውጣት እንደሚሻ የሚገልጽ ጩኸት ጨመረበት። በድኻ ሰው አፍ የነበረው የገንዘብ ጥያቄ በዚህ ጭማሪ የአንድ ወጣት የነፃነት ጥያቄ መሰለ።

ሐ) የሚናገረው ከየት ነው?

የቦታ ስም ከሁሉ ይልቅ ለለውጥ የተጋለጠ ነው። «ቴምፕቴሽንስ» የተባሉት ዘፋኞች በ1971 ያወጡት «ጀስት ማይ ኢማጂኔሽን» የተባለው ዘፈን አንዲትን ሴት በመስኮቱ ሲያይ ትዳርንና ቤተ ሰብን በሐሳቡ ስለሚሠራ ሰው ይናገራል። የቦታ ስም የለበትም፤ በቫዮሊንና በመሳሰሉት የክር መሣሪያዎች ታጅቦ በቀስታ ይዘፈናል። ሮሊንግ ስቶንስ በ1978 ሲዘፍኑት የኤሌክትሪክ ጊታር የክሩን መሣሪያ ተካ፤ በቃሉም ውስጥ የኒው ዮርክ ከተማና የሴቶቿ ነገር ገባበት። ስም የሌለው መስኮት የታወቀ ከተማ መስኮት ሆነ፤ ዐይናፋር የነበረውም ተናጋሪ ብዙ ሴቶችን የሚያውቅ ሰው መሰለ።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ ግን «ዳንሲንግ ኢን ዘ ስትሪት» ማለት በጎዳና ላይ መጨፈር የተባለው ዘፈን ነው። ደራሲዎቹ ማርቪን ጌይ፤ ሚኪ ስቲቨንሰንና አይቪ ጆ ሃንተር ሲሆኑ፤ ማርታ ሪቭስ ከ«ቫንዴላስ» ጋር በ1964 ዘፈነችው። ዘፈኑ ሕዝቡን ወደ ጎዳና ሲጠራ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩባቸውን ከተሞች እነ ቺካጎን፤ ፊላዴልፊያን፤ ባልቲሞርንና ዲትሮይትን ይጠቅሳል። ማርታ ሪቭስ ዘፈኑ የደስታ ዘፈን እንደ ሆነ ተናግራለች። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት ጥቁሮች በየከተማው ሲነሡ ጥሪውን እንደ ሌላ ጥሪ የሰሙት ብዙ ናቸው። እርሷ ራሷ በጁላይ 23 ቀን 1967 በዲትሮይት ፎክስ ቴአትር መድረክ ላይ ሳለች ሁከት መነሣቱን ለተመልካቹ ለመንገር ተገድዳለች። በዚያ ሁከት 43 ሰዎች ሞቱ። የከተሞቹ ስም ዝርዝር እንግዲህ ባዶ ጌጥ አልነበረም።

ዘፈኑን ከሮክ ባንዶች ኪንክስ በ1965፤ ግሬትፉል ዴድ በ1977፤ ቫን ሄለን በ1982 አስቀረጹት። የኢትዮጵያን ነገር የሚነካው ግን የ1985ቱ ነው። በኢትዮጵያ ለደረሰው ረኃብ ርዳታ ለመሰብሰብ በጁላይ 13 ቀን 1985 «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ትርኢት በለንደንና በፊላዴልፊያ ሲደረግ፤ ዴቪድ ቦዊና ሚክ ጃገር አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ሆነው በሳተላይት አብረው ሊዘፍኑ አስበው ነበር። የድምፁ መዘግየት ይህን ስለ ከለከለ አስቀድመው በስቱዲዮ አስቀረጹት፤ ገቢውም ለርዳታው ሆነ። በዘፈኑ መግቢያ ላይ ቶክዮን፤ ደቡብ አሜሪካን፤ አውስትራልያን፤ ፈረንሳይን፤ ጀርመንን፤ ታላቋ ብሪታንያንና አፍሪካን በስም የሚጠራ ጩኸት ጨመሩበት።

ጭማሪው ለዓላማው የሚስማማ ነው፤ ትርኢቱ በብዙ አገር በቴሌቪዥን ይታይ ስለ ነበረ ጥሪው ከአሜሪካ ከተሞች ወደ ዓለም እንዲሰፋ ተፈልጓል። ሆኖም ዝርዝሩን የሚመረምር ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፤ የጥቁር አሜሪካውያን ከተሞች ስም ባይሰረዝም በአህጉራትና በመንግሥታት ስም ተቀድሞ ክብደቱን አጣ። ሁለተኛ፤ አውሮፓ በየአገሩ ስም ሲጠራ አፍሪካ ግን በጅምላ ተጠራች፤ ስለ ረኃቧ ዘፈኑ የተቀረጸላት ኢትዮጵያ በስሟ አልተጠራችም። ይህ በክፉ ሐሳብ የተደረገ ነው ማለት አይደለም። በጥሪው ውስጥ የሚጠራ ሰው ጭፈራውን እንዲካፈል የታሰበ ነው፤ የሚረዳ ሰው ግን ከጥሪው ውጭ የቆመ ነው። ጥቂቶቹ የተጨመሩ ቃላት ይህን ልዩነት ሳያስቡት ገለጡት።

መ) የሚነገረው ለማን ነው?

ቃሉ ሳይለወጥ የሚነገርለት ሰው ብቻ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። አል ግሪን ከጊታር መቺው ከቲኒ ሆጅስ ጋር የደረሰውን «ቴክ ሚ ቱ ዘ ሪቨር» በ1974 ሲያስቀርጽ፤ ከዘፈኑ በፊት ለሞተው ለዘፋኙ ለሊትል ጁንየር ፓርከር መታሰቢያ እንዲሆን በንግግር ሰጠው። ዘፈኑ የሥጋ ፍቅርንና የወንዝ ጥምቀትን ባንድነት ያነሣል። ለዘፋኙም ይህ ቀልድ አልነበረም፤ በ1976 በሜምፊስ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቁሞ ሰባኪ ሆነ። ቶኪንግ ሄድስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ በ1978 ዘፈኑን በጣም አዘግይቶ አስቀረጸው፤ ሸክላውም በአሜሪካ ሰንጠረዥ 26ኛ ደረጃ ደረሰ። ስንኙ በአብዛኛው ተጠብቋል፤ የመታሰቢያው ንግግር ግን ቀረ። አንድን ሟች ያከብር የነበረ ዘፈን ለማንም ያልተሰጠ ዘፈን ሆነ። የግጥሙን ወረቀት ብቻ የሚያስተያይ ተመራማሪ ይህን ጉድለት አያይም፤ ምክንያቱም የጠፋው ነገር በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ሠ) ሕጉና ስሙ

ለውጡ ማንን እንደሚጠቅም ለማወቅ ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል። ከ1909 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ በደራሲው ፈቃድ ከተቀረጸ በኋላ ማንኛውም ሰው የተወሰነውን ዋጋ ለደራሲው ከፍሎ ሊያስቀርጸው ይችላል። የ1976ቱ ሕግ ዘፋኙ እንደ አኳኋኑ እንዲያስተካክለው ሲፈቅድ መሠረታዊውን ዜማና ዋናውን ጠባይ እንዳይለውጥ ይከለክላል። ስለዚህ አንዲት ስም መለወጥ ወይም መጨመር ብዙውን ጊዜ በዝምታ ያልፋል፤ የለወጠውም ሰው በለውጡ ደራሲ አይባልም።

ይህ ሥርዓት የወረቀትን ቃል እንጂ የአፍን ቃል አያውቅም። ኦቲስ ሬዲንግ በ1965 የደረሰውን «ሪስፔክት» የተባለ ዘፈን ራሽናልስ የተባለው የሚሺጋን የሮክ ባንድ በ1966 ደገመው። በ1967 ግን አሬታ ፍራንክሊን ወንዱ ከሚስቱ የሚጠይቀውን ክብር ሴቲቱ የምትጠይቀው አደረገችው፤ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ መጥራትና የእኅቶቿ የተቀባይነት ቃል በእርሷ የተጨመሩ ናቸው። ዓለም ዘፈኑን የሚያውቀው በዚህ ጭማሪ ነው። ሆኖም በአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች ለዘፋኝ የሚከፈል ድርሻ ስላልነበረ፤ እርሷ በ2018 እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ለሬዲንግ ወራሾችና ለአሳታሚው ይሄድ ነበር።

የባሬት ስትሮንግ ነገር ከዚህም ይብሳል። የ«መኒ» ደራሲነት በ1959 ሲመዘገብ ስሙ ከጎርዲና ከጄኒ ብራድፎርድ ጋር ነበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተሰረዘ፤ በ1987 ተመለሰ፤ በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ተሰረዘ። ስትሮንግ ከደራሲዎቹ አንዱ እንደ ነበረ ሲናገር፤ ጎርዲ ግን ስሙ በመጀመሪያ የገባው በጸሐፊ ስሕተት ነው ብሏል። እርሱ ከኖርማን ዊትፊልድ ጋር የደረሰው «ጀስት ማይ ኢማጂኔሽን» ግን በስሙ እንደ ተመዘገበ ቀርቷል። ስለዚህ ቢትልስም ሆኑ ሮሊንግ ስቶንስ የአንዱን ሰው ቃል ለውጠዋል፤ በአንደኛው ግን መዝገቡ ባለቤትነቱን አያውቅለትም።

ረ) ማጠቃለያ

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ነገሩን በትዝታ ማስተያየት ይቻላል። በትዝታ ዜማው የጋራ ነው፤ አዝማሪው የራሱን ስንኝ ያገባበታል፤ በመለወጡ የሚወቅሰው ሰው የለም፤ እንዲያውም ባይለውጥ ይወቀሳል። የሶል ዘፈን በአፍ ልማድ አድጎ በወረቀት ሕግ ሥር የወደቀ ስለ ሆነ ሁለቱን ሥርዓት ባንድነት ይሸከማል። በዚህም ምክንያት የሮክ ባንዶች ለውጥ በአፍ ልማድ ዐይን ሲታይ የተለመደ ነገር፤ በወረቀት ሕግ ዐይን ሲታይ ደግሞ ባለቤቱን የሚያስረሳ ነገር ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያሉትን ዘፈኖች የሚያጠና ሰው የግጥሙን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ትንንሾቹን ቃላት፤ ተውላጠ ስምን፤ የከተማን ስም፤ የመታሰቢያን ንግግር ከሸክላ ወደ ሸክላ እየተከተለ ሊመዘግብ ይገባዋል። ዜማ በቀላሉ ይሻገራል፤ በመሻገሪያው ላይ የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ የሰው ስምና የስፍራ ስም ነው።