ለአነስተኛ ሞተር የሚስማማ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ እንዴት ይመረጣል?

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ለብዙ ዘመናት ዓሣ ሲያሰግርና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር የሚንቀሳቀሱ ጀልባዎችና የናይሎን መረቦች ወደ ሐይቁ ከገቡ ወዲህ አስጋሪው ከዳርቻው ርቆ መሥራት ችሏል። ሆኖም ሞተሩ ዕለታዊ ወጪንም ይዞ መጥቷል፤ መረቡ ባዶውን በሚወጣበት ቀን እንኳ የቤንዚኑ ዋጋ ይከፈላል። ስለዚህ በማኅበር ተደራጅተውም ሆነ በግላቸው ጀልባ ለሚገዙ ወገኖች የጀልባው ምርጫ የኑሮ ጥያቄ ነው፤ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ደግሞ የሕይወት ጥያቄ ይሆናል።

ጀልባ ሲዘገይ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ሞተሩ ነው፤ መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበውም ተለቅ ያለ ሞተር መግዛት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከጀልባ ኋላ የሚታሰርና 10 የፈረስ ጉልበት ያለውን አነስተኛ ሞተር እንደ ምሳሌ ወስደን ጉዳዩን ከፊዚክስ አኳያ እንመረምራለን። እንደምናየውም፣ አነስተኛ ሞተር ለሥራው ብቁ ነው፤ ብቃቱ የሚገለጠው ግን ከሚስማማው ጀልባ ጋር ሲጣመር ነው።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበትና በሐይቁ ላይ የሚገኘው ጉልበት

በሞተር ላይ ተጽፎ የምናገኘው ጉልበት በባሕር ወለል አካባቢ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ አየር መሠረት ያደረገ ነው። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅንም ያንሳል። በግምታዊ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት 10 ተብሎ የተገዛው ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው 8 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። በ1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በጫሞ ሐይቅ ደግሞ 9 ያህል ይሰጣል። ገዢው ሒሳቡን መጀመር ያለበት ከዚህ ከተጣራው ቁጥር ነው።

ጀልባ ከራሱ ሞገድ ጋር የሚያደርገው ትግል

ጀልባ በውሃ ላይ ሲጓዝ ሁለት ዋና ዋና ተቃውሞዎች ይገጥሙታል። አንደኛው በጀልባው አካልና በውሃው መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ሁለተኛው ጀልባው ውሃውን እየገፋ ሞገድ ሲፈጥር የሚያባክነው ኃይል ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (1810–1879 እ.ኤ.አ.) በቶርኪ ከተማ ባሠራው ረዥም የውሃ ገንዳ ውስጥ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ በመለካት እነዚህን ሁለት ተቃውሞዎች ለይቶ አሳይቷል።

ጀልባው በዝግታ ሲሄድ ከጎኑ ብዙ አጫጭር ሞገዶች ይታያሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ሞገዶቹ ይረዝማሉ። በመጨረሻም አንዱ የሞገድ አናት ከጀልባው ፊት፣ ቀጣዩ አናት ከኋላው ይሆንና ጀልባው በሁለቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በላይ ለመፍጠን ቢሞክር ኋላው ይሰምጣል፣ ፊቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ዳገት እንደሚወጣ ጋሪም ይከብዳል። ይህን የፍጥነት ወሰን በቀላሉ ማስላት ይቻላል። ውሃውን የሚነካውን የጀልባውን ርዝመት በሜትር ወስደን ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ብናባዛ ውጤቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለ4 ሜትር 9፣ ለ6 ሜትር 11 ኪሎ ሜትር በሰዓት እናገኛለን።

ከዚህ የምንረዳው ርዝመት ራሱ እንደ ጉልበት የሚያገለግል መሆኑን ነው። ክብደታቸው እኩል የሆነ የ4 ሜትርና የ6 ሜትር ጀልባዎች በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ አጭሩ ከወሰኑ ላይ ደርሶ ሲታገል ረዥሙ ገና በቀላሉ ይሄዳል።

በውሃ ላይ የመንሸራተት ፈተና

ፈጣን የመዝናኛ ጀልባዎች ይህን ወሰን የሚያልፉት ከውሃው በላይ ከፍ ብለው በመንሸራተት ነው። ታዲያ የእኛ አስጋሪስ እንዲህ ማድረግ ይችላል? ጭነቱን እንደምር። የ5.5 ሜትር የፋይበር ጀልባ 250 ኪሎ ግራም፣ ሞተሩ 40፣ ቤንዚኑ 15፣ ሦስት ሰዎች 180፣ መረቡ 60፣ የተያዘው ዓሣ 150 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 695፣ በግርድፉ 700 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለመንሸራተት ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብቻ መድረስ ይኖርበታል። ስለዚህ ከ28 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያለን ግን 8 ነው።

ሰፊና ጠፍጣፋ ሆነው የተሠሩ የመንሸራተቻ ጀልባዎች በአነስተኛ ሞተር ሲነዱ የሚያሳዝኑትም በዚህ ምክንያት ነው። መንሸራተት አይችሉም፤ ቀስ ብለው ሲሄዱም የተቆረጠው ሰፊ ኋላቸው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ብዙ ውሃ ይጎትታል። ቤንዚኑ የሚያልቀው ከኋላ ነጭ አረፋ በመፍጠር ነው። ለአነስተኛ ሞተር የሚበጀው ረዘም ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ፊቱ ሾጠጥ ያለና ወለሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚነሣ ጀልባ ነው።

ጠባብነትና ሚዛን

ጠበብ ያለ ጀልባ በቀላሉ ይሄዳል ስንል ግን ወሰን እንዳለው መዘንጋት አይገባም። የጀልባ ሚዛን ከርዝመቱ ይልቅ በስፋቱ ላይ ይመሠረታል፤ ውሃ ላይ የሚያርፈው ገጽ ለሚዛን የሚሰጠው ድጋፍ ከስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ስፋቱ በአንድ አሥረኛ ቢቀነስ (0.9×0.9×0.9 = 0.73) ድጋፉ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። መረብ የሚጎትት ሰው በአንድ ጎን ጎንበስ እንደሚል እናስታውስ። በሁለት ወገን ለሚሠሩ አስጋሪዎች ከ1.4 እስከ 1.6 ሜትር ስፋት ተስማሚ ይመስለናል።

ጭነቱንም በአርኪሜድስ ሕግ መገመት ይቻላል። ከላይ የጠቀስነው ጀልባ ውሃ ላይ የሚሸፍነው ስፍራ 6 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመስመጥ 60 ኪሎ ግራም ይበቃዋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው ጀልባውን በአንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል ማለት ነው። ይህ ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ጣና ጥልቀቱ ከ14 ሜትር የማይበልጥ ሰፊ ሐይቅ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ከተጫነ በኋላ ጎኑ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ብቻ የቀረው ጀልባ በጠዋቱ ጸጥታ ደኅና ቢመስልም ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ውሃ ሊሞላው ይችላል። ጎኑ ቢያንስ አንድ ክንድ ቢተርፍ ይመረጣል።

ሞተሩና ፕሮፔለሩ

ሞተሮች በዘንግ ርዝመት ይለያያሉ፤ አጭሩ ለ38፣ ረዥሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ላለው የጀልባ የኋላ ግድግዳ የተሠሩ ናቸው። ሞተሩ ሲታሰር ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ወለል ጋር ትክክል ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ በጣም ዝቅ ካለ የሞተሩ እግር ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

ፕሮፔለር ጀልባን የሚገፋው ውሃን ወደ ኋላ በመወርወር ነው። ጥቂት ውሃ በከፍተኛ ፍጥነት ከመወርወር ይልቅ ብዙ ውሃ በዝግታ መወርወር ኃይል ይቆጥባል። ስለዚህ ለሚዘገይና ለሚከብድ ጀልባ ክቡ ሰፊ፣ በነጋዴዎች አነጋገር ፒች የሚባለው ርምጃው ግን አጭር የሆነ ፕሮፔለር ይመረጣል። ርምጃው ከረዘመ ሞተሩ እየተጨነቀ ይሠራል፤ የሳሳው የደጋ አየርም ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ ቤንዚኑ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ሞተሩ በመመሪያው የተጻፈውን የዙር ብዛት መድረስ አለበት። ካልደረሰ የፕሮፔለሩን ርምጃ ማሳጠር ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ሙከራ

ጀልባውን በተለመደው ጭነት ሞልቶ፣ በሌላ ጀልባ በገመድ እያስጎተቱ በገመዱ መካከል የስፕሪንግ ሚዛን ማሰር ቀላል ሙከራ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 2.8 ሜትር ሲጎተት ሚዛኑ 40 ኪሎ (400 ኒውተን ያህል) ቢያሳይ፣ የሚያስፈልገው ኃይል 1,100 ዋት ወይም 1.5 የፈረስ ጉልበት ነው። የአነስተኛ ሞተር ፕሮፔለር ከሚሰጠው ኃይል ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ግፊት ይለውጣል ብንል፣ ከሞተሩ ከ3 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ካለን 8 ውስጥ የቀረው ለነፋስና ለማዕበል መጠባበቂያ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ከፍጥነት ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን ከ10 ወደ 9 ኪሎ ሜትር ዝቅ ማድረግ ለአንድ መንገድ የሚፈጀውን ቤንዚን በአምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል። በ15 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚጠፋው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። የቤንዚን ማስቀመጫውንና ተሳፋሪዎቹን ወደ መካከል ማስጠጋትም ያለ ምንም ወጪ ኋላው እንዳይሰምጥ ይረዳል።

በአጠቃላይ ገዢው በቅድሚያ ጭነቱንና የሚጓዘውን ርቀት፣ ቀጥሎ ጀልባውን፣ በመጨረሻም ሞተሩን ቢመርጥ መልካም ነው። ሞተሩ አስቀድሞ በእጁ ካለ ደግሞ ከፍታው የሚቀንስበትን ቀንሶ ጀልባውን ለእርሱ ይፈልግለት። ከያዘው ቤንዚን ሲሶውን ለመሄጃ፣ ሲሶውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ለክፉ ቀን ይመድብ፤ ለተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይያዝ። ለትልቅ ሞተር ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ በጀልባው ርዝመት ላይ ቢውል አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል፤ የትልቅ ሞተር ቤንዚን ግን ጀልባው ውሃ ላይ በወጣ ቁጥር ይከፈላል።