በጠባቡ በር ወደ ጉልበት

ከሰው አካል መገጣጠሚያዎች ሸክም እጅግ ከበዛባቸው አንዱ ጉልበት ነው፤ የሚቆም ይቆምበታል፣ የሚሮጥ ይሮጥበታል፣ የሚሰግድም ይንበረከክበታል። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት በሚገናኙበት ስፍራ፣ ሐኪሞች ሜኒስከስ የሚሏቸው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ልም አጥንቶች የአካሉን ክብደት እየተቀበሉ ሲያከፋፍሉ፣ በመካከል የተጠላለፉት ሁለቱ ጅማቶች ደግሞ አጥንቶቹ ከመስመራቸው እንዳይንሸራተቱ ይገቷቸዋል። ከእነዚህ አንዱ በተጎዳ ጊዜ የቀድሞው ቀዶ ሐኪም ውስጡን ለማየት ቆዳውንና ሽፋኑን በረጅሙ ሰንጥቆ መግለጥ ግዴታው ስለ ነበረ፣ ሕመምተኛው ከደዌው ይልቅ ከቁስሉ ለመዳን ብዙ ሳምንታት ይተኛ ነበር።

አርትሮስኮፒ የሚባለው ጥበብ ይህን መግለጥ አስቀረው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1912 በርሊን ላይ በተደረገ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ያሰማው ሴቬሪን ኖርደንቶፍት የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጥበቡ ሥር የሰደደው ግን በጃፓን ነው። በ1918 የቶኪዮው ሊቅ ኬንጂ ታካጊ የፊኛን ውስጥ ለመመርመር የተሠራ መነጽር ወስዶ በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። ወደዚህ የመራው ምክንያት በዘመኑ የሰፋው የነቀርሳ በሽታ ነበረ፤ በሽታው ጉልበትን ሲይዝ መገጣጠሚያውን አድርቆ ያስቀረዋልና፣ በወለል ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ፣ መብላትና እንግዳ መቀበል ሥርዓት በሆነበት አገር ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ እንደ ተለየ ይቈጠር ነበር። በስግደት ላደገ አንባቢ የዚህን መከራ ክብደት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የታካጊ ደቀ መዝሙር ማሳኪ ዋታናቤ የመምህሩን ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በትዕግሥት ቀጠለ። መሣሪያ እየሠራ፣ ጉድለቱን እያየ፣ ሌላ እየሠራ፣ በተራ ቁጥር 21 የሚጠራውን መነጽር እስኪያገኝ ድረስ አላረፈም፤ ይህም ቢሆን በጫፉ የምትበራው ትንሽ አምፖል አልፎ አልፎ በጉልበት ውስጥ ትሰበር ስለ ነበረ፣ ብርሃንን ከውጭ የሚያመጣው ቀጭን የመስታወት ክር እስኪተካት ድረስ የሐኪሙን ልብ ሳታስጨንቅ አልቀረችም። ግንቦት ወር 1962፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋታናቤ የአንድ ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የተቀደደ ሜኒስከስ ጉልበቱን ሳይከፍት ቈርጦ አወጣ።

አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በዚያው የ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ዘመን፣ ሮበርት ጃክሰን የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ከዋታናቤ እግር ሥር ተቀምጦ ጥበቡን ተማረና መነጽሩን ይዞ ወደ ቶሮንቶ ተመለሰ፤ ሰሜን አሜሪካም ነገሩን ያወቀው በእርሱ በኩል ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ አሜሪካዊቷ ጆአን ቤኖይት ጉልበቷን በዚሁ ጥበብ ታክማ በ17ኛው ቀን የአገሯን የማራቶን ማጣሪያ ስታሸንፍ፣ በነሐሴም በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያውን የሴቶች የኦሎምፒክ ማራቶን ስትወስድ፣ የሰሙ ሁሉ ተደነቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ ሐኪሙ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ስንጥቅ ከፍቶ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውፍረት ያለውን ቱቦ ያስገባል፤ መገጣጠሚያው እንዲሰፋና ደም እንዳያደበዝዘው ጨው ያለበት ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል፤ በሌላ ስንጥቅ ደግሞ መቍረጫው፣ መቈንጠጫውና መላጫው ይገባሉ። የመነጽሩ ጫፍ ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ቱቦውን ሳይገፋ በማዞር ብቻ ግራና ቀኙን ያያል። ዓይኑ በእጁ ላይ ሳይሆን በፊቱ ባለው የምስል መስኮት ላይ ነውና፣ እጅና ዓይን ተለያይተው እንዲስማሙ ማድረግ የረጅም ጊዜ ልምምድ ይጠይቃል። ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚትና ዳሌም በዚሁ መንገድ ይታከማሉ።

ነገር ግን ስንጥቁ ትንሽ መሆኑ ሐኪሙንም ሕመምተኛውንም አደፋፈረ፤ በዕድሜ ብዛት ያለቀ ጉልበት ሁሉ ይታጠብ፣ ይላጭ ጀመር። በ2002 በሂዩስተን 180 ሕመምተኞች ተመርምረው፣ ከፊሎቹ በቆዳቸው ላይ ስንጥቅ ብቻ ሲደረግላቸው ከፊሎቹ በእውነት ታከሙ፤ እስከ ሁለት ዓመት በተደረገው ክትትልም እውነተኛውን ሕክምና ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ዕረፍት አላገኙም። በ2013 የፊንላንድ ሐኪሞች በእርጅና በተቀደደ ሜኒስከስ ላይ ተመሳሳዩን አሳዩ። በእኔ አስተያየት ይህ ጥበቡን አያዋርደውም፤ ስፍራውን ብቻ ያስይዘዋል። በአደጋ ጅማቱ የተበጠሰበት፣ ወይም የተላቀቀ ቁራጭ ጉልበቱን ቈልፎ አላዘረጋ ያለው ሰው ታላቅ ጥቅም ያገኝበታል። ጉልበቱ በዘመን ብዛት ያለቀበት አንባቢ ግን ይህ ሕክምና ሲቀርብለት፣ የጭንን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴና የክብደት መቀነስ አስቀድመው እንዲሞከሩለት፣ ከመነጽሩም ምን ትርፍ እንደሚጠብቅ ሐኪሙ በግልጥ እንዲነግረው ሳያፍር ይጠይቅ ዘንድ አደራ እላለሁ።