ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ ለወረቀት አልባ ትምህርት ዝግጁ ነው?

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒውተርም ተሰጥቷል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ደግሞ የታተመ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ተማሪዎች በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ ከስልካቸው ያነባሉ። ወረቀት አልባው ትምህርት፣ ተዘጋጀንም አልተዘጋጀንም፣ ደጃችን ደርሷል።

«ልጆቹ እንደሆኑ ስልክ ከእጃቸው አይለይ፣ ምን ይቸግራቸዋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። በእኛ እምነት ግን ቲክቶክ በጣት እየገፉ ማየት ሌላ ነው፤ ማውስ ይዞ መልስ መምረጥ፣ የዘለሉትን ጥያቄ ተመልሶ መፈለግ፣ ስክሪኑ ላይ የሚቆጥረውን ሰዓት እያዩ ማሰብ ሌላ ነው። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው ሰሞን የሆነ ልጅ ከፊዚክሱ ጋር ማውሱንም ይፈተናል። ውጤቱ ሲመጣ ግን የሚጻፍበት የፊዚክስ ድክመት ተብሎ ነው።

ንባቡም የራሱ ችግር አለው። ለመጽሐፍ ገጽ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ በትንሽ ስልክ ሲከፈት ፊደሉ ይደቅቃል፤ ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ሥዕሉንና ማብራሪያውን አንድ ላይ ማየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 54 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በተለይ ጊዜ ሲጣበብ፣ ከወረቀት ያነበበ ሰው ከስክሪን ካነበበው በተሻለ ይረዳል። መብራትም ኢንተርኔትም የማይቸግራት ስዊድን እንኳ በ2023 ለትምህርት ቤት መጻሕፍት መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮና መድባለች።

ይህን የምንለው ኮምፒውተሩ ይቅር ለማለት አይደለም። የታረመ ውጤት ቶሎ ይደርሳል፤ የፈተና ወረቀት ማተምና በጥበቃ ማጓጓዝ ያለው ወጪም ቀላል አይደለም። ጥያቄያችን ልምምዱ መቼ ይጀመር የሚለው ነው። ሒሳቡን እንየው፤ 20 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ያሉት ትምህርት ቤት 400 ተማሪዎችን አንድ አንድ ሰዓት ለማለማመድ 20 ሰዓት ይበቃዋል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢመድብ በአሥር ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። ክፍሉ ተቆልፎ አቧራ የሚጠጣበት ትምህርት ቤት ግን ይህን ምክንያት ማቅረብ አይችልም። ኮምፒውተርም መብራትም የሌለበት አካባቢ ተማሪ ደግሞ እስኪሟላለት በወረቀት መፈተኑ ፍትሕ ነው።

በክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት የምትሰጡ የጀማዓ ወንድሞችና እህቶችም ሁለት ሦስት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብታስቀምጡ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በሰዓት ገደብ ብታሠሩባቸው ብዙ ታግዛላችሁ። በተለይ የእንግሊዝኛውን ረጅም ምንባብ ከስክሪን ያንብቡት። ሒሳብ ሲሠሩ ግን እርሳስና ወረቀት አጠገባቸው ይሁን፤ ስሌት በዓይን ብቻ አይሠራም። ቤት ውስጥ በስልክ ለሚያጠኑትም መጽሐፉን ምዕራፍ በምዕራፍ ቆርጦ መላክ ዳታውንም የስልኩን ቦታም ይቆጥባል።