የጓሮ ዶሮና የሚነገርላት ዝና

ዶሮ ማርባት ድካምና ወጪ የሌለበት ሥራ ነው ማለት የቆየ ልማድ ነው። በጃማ ወረዳ በደጎሎ ከተማም የቤቱ እመቤት ከእንቁላሉ ዋጋ ጨውና የልጆች ደብተር ትገዛለች። ነገር ግን ፈንግል የሚባለው በሽታ፥ ይልቁንም በክረምት መግቢያ፥ የገባ እንደ ሆነ፥ ትናንት ሲጭር የዋለው መንጋ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ከያዘም በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። አስቀድሞ የሚከላከለው ክትባት ግን በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። እርሱም በእጅጉ የሚጠቅመው የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በአንድነት ሲከተብ ነው፤ የአንዱ ጓሮ ዶሮ በጎረቤቱ ጓሮ ስትጭር ትውላለችና።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ጫጩት ማደል የሚመሰገን ሥራ ሆኗል። ዳሩ ግን የታደለው ብቻ ተቈጥሮ ከዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘው ካልተቈጠረ፥ ምስጋናው የመዝገብ እንጂ የጓሮ አይሆንም።

ጌታችን በወንጌል ርኅራኄውን ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች በምትሰበስብ ዶሮ መስሎ አስተምሯል። እናቲቱ ከጭልፊት ትሸፍናቸዋለች፤ ከፈንግል የሚሸፍናቸው ግን የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ሹሙ ክትባቱን ከክረምት በፊት ያድርስ፤ ካህኑም ቀኑን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ያስታውቅ፤ ባለቤቱም ማደሪያዋን ከሰው መኝታ ይለይ።