ትንሽ ውሃ ውስጥ ማን ይኑር?

አምና አባዬ 10 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም ገዛልኝ። እኔም ቸኩዬ ሁለት ጎልድፊሽ ጨመርኩበት። ሁለቱም በሳምንቱ ሞቱ። በጣም አለቀስኩ።

ለካ ጥፋቱ የኔ ነው! ጎልድፊሽ ሲያድግ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከቆሻሻው የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው፤ ውሃው ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይበዛል።

ዘንድሮ በተክል ጀመርኩ። አኑቢያስ ብዙ ብርሃን አይፈልግም። ድንጋይ ላይ በክር አሰርኩት፤ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ተክል ከአሞኒያው የተወሰነውን ይመገባል። ከሳምንታት በኋላ ከዓሣ ሻጭ ሁለት የውሃ ቀንድ አውጣ አመጣሁ። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ይበላሉ። ከወንዝ ግን እንዳትለቅሙ፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ አሉ።

ዓሣ አሁንም ያምረኛል፤ ቤቱ ግን አይበቃውም። ጓደኞቼ፣ መጀመሪያ ቤቱን ለኩ፣ ከዚያ እንግዳ ጥሩ።