ፕላን ከመነደፉ በፊት ነዋሪውና ቦታው ይጠኑ

ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ ቤት መሥራት በዕድሜው አንዴ የሚሞክረው ሥራ ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ ብድርና የዘመድ እርዳታ ተጠቃሎ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው። ሆኖም ብዙ ቤት ሠሪ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲያጠያይቅ የሚያጠፋውን ጊዜ ያህል ለፕላኑ አይሰጥም። የወዳጁን ፕላን አስገልብጦ ሥራ ይጀምራል። በመጨረሻም ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ነገር ግን ሰው የማይኖርበት ክፍል ይተርፈዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሳሎን ነው። በብዙ ቤት ሰፊውን ቦታ ይዞ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ የሚውለው በማድ ቤቱ አካባቢና በበረንዳው ነው። ስለዚህ ከመኝታ ክፍሉ ብዛት አስቀድሞ የሚጠየቀው የቤተሰቡ አዋዋል ነው። ማኅበርተኛና ዘመድ የሚበዛበት ቤት ሰፊ ሳሎንና ከእሱ የተያያዘ በረንዳ ይሻል። ጸጥታ ለሚወድ ወይም በቤቱ ለሚሠራ ሰው ከመንገድና ከሳሎን የራቀች አነስተኛ ክፍል ትበልጥበታለች። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ካሉ ደረጃ የሌለው፣ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ ክፍል ይመደብላቸዋል። እንጀራ በቤት የሚጋገር ከሆነም የምጣዱ ቦታ ጭሱና እንፋሎቱ ወደ መኝታ ቤት በማይነፍስበት በኩል ይሆናል።

ፀሐይና ከፍታ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ከኅዳር እስከ ጥር የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ለደቡብ የተከፈተ መስኮት በነዚህ ብርዳማ ወራት ሙቀት ያስገባል። የምዕራብ ግድግዳ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ውስጥ ይለቃል። ይህ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ለመኝታ ክፍል ጥቅም ነው። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነችው ድሬዳዋ ግን ያው ግድግዳ እንቅልፍ ይነሳል፤ እዚያ በምዕራብ በኩል ዕቃ ቤት ማድረግና በጥላ መከለል ይሻላል። የአንዱ ከተማ ፕላን ለሌላው እንዳለ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አፈርና ውኃ

ጥቁር ኮትቻ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በዚህ አፈር ላይ ካረፈ ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም መሠረቱን ጠንካራው መሬት ድረስ ማውረድ ነው። የአሸንዳው ውኃም ከመሠረቱ መራቅ አለበት። ባህር ዛፍ ብዙ ውኃ ስለሚስብ በኮትቻ ቦታ ከግድግዳ አጠገብ መትከል አይመከርም። በአንጻሩ በቦታው ላይ ያለ የቆየ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት፣ ቤቱን ከሥሩ አርቆ ጥላውን መጠቀም ይቻል እንደሆነ ሊታይ ይገባል።

ሒሳቡ

የቤቱ ቅርጽ በቀጥታ ኪስ ይነካል። 10 በ10 ሜትር የሆነ ቤት 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 40 ሜትር የውጭ ግድግዳ አለው። 5 በ20 ሜትር ሲሆን ስፋቱ ያው 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ግድግዳው ግን 50 ሜትር ይደርሳል። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 30 ካሬ ሜትር ግድግዳ ነው። የፊቱ ስፋት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብሎኬት ሲሰላ፣ በርና መስኮት ሳይቀነስ፣ 375 ያህል ብሎኬት ይጨምራል። ሲሚንቶው፣ ልስኑና የግንበኛው ዋጋ ከዚህ በላይ ነው። ረጅሙ ቤት ብርሃንና ነፋስ በየክፍሉ ስለሚያስገባ ወጪው ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን ታስቦበት መሆን አለበት።

ስለዚህ ቤት ሠሪው ከነዳፊው ጋር ከመቀመጡ በፊት ቦታውን ጧት፣ ቀትርና ማታ ቢጎበኘው፣ ከተቻለም በክረምት ጎርፉ የሚሄድበትን ቢያይ ይጠቀማል። የቤተሰቡንም የቀን ውሎ በወረቀት ያስፍር። መስኮት በንድፍ ላይ እያለ ለማዛወር ላጲስ ይበቃል፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን የማፍረሻ፣ የመጠገኛና የግንበኛ የቀን ሒሳብ ይከተላል።