አንድ ኮድ፣ ብዙ ማሽን

ከነቀምት ወደ ዲጋ የሚጓዝ ሰው ስልኩን ኪሱ ሲከተው ስክሪኑ ይጠፋል፤ ስልኩም ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋል። ቢሮ ውስጥ የተሰካው የዋይፋይ ራውተር ግን ሌት ተቀን ነቅቶ ነው የሚያድረው። የአንድሮይድ ስልኮችም ብዙዎቹ ራውተሮችም የሚሠሩት በአንድ ከርነል (የስርዓተ ክወና እምብርት) ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊኑክስ።

ለሁለቱም እንዴት ይበቃል? ሊኑክስ የሚበሩና የሚጠፉ ከ10 ሺህ በላይ ምርጫዎች አሉት። በሲ ቋንቋ «ኢፍዴፍ» እና «ኤንዲፍ» በሚባሉ ትእዛዞች መካከል የተጻፈ ኮድ ምርጫው ካልበራ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዘንድ አይደርስም። ይህ አሠራር ሁኔታዊ ኮምፓይሌሽን ይባላል።

ኢፍዴፍ በየቦታው ሲሰገሰግ ግን ኮዱን የሚያነብ ሰው መንገዱ ይጠፋበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተደበቀው ስህተት ነው፤ የጠፋውን ክፍል ኮምፓይለሩ ስለማያየው፣ ስህተቱ የሚወጣው ሌላ ሰው ምርጫውን ያበራ ቀን ነው። ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮልየር ገና እ.ኤ.አ. በ1992 ስለዚሁ ጉዳት ጽፈው ነበር።

የሊኑክስ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ የሚያቀርበው መፍትሔ ግልጽ ነው፦ ኢፍዴፍን ከሲ ፋይሉ አውጥቶ ወደ ሄደር ፋይል መውሰድ። እዚያ ምርጫው ሲበራ እውነተኛው ፈንክሽን፣ ሲጠፋ ደግሞ በዚያው ስም ምንም የማይሠራ ባዶ ፈንክሽን ይቀመጣል። ፈንክሽኑን የሚጠራው ኮድ ምርጫው መብራቱን ሳይጠይቅ ይጠራዋል፤ ባዶውን ኮምፓይለሩ ስለሚያስወግደው ማሽኑ ላይ ሸክም አይሆንም።

የስልኩን እንቅልፍ እንመልከት። ድራይቨሮች የማንቀላፊያና የመንቂያ ፈንክሽኖቻቸውን ለዓመታት በኢፍዴፍ አጥረው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሊኑክስ 5.17 «ፒኤም_ስሊፕ_ፒቲአር» የተባለ ማክሮ አመጣ። በዚህ ዘዴ ፈንክሽኖቹ ያለ አጥር ይጻፋሉ፤ ኮምፓይለሩም ሁልጊዜ ይመረምራቸዋል። የእንቅልፍ ምርጫው ከጠፋ ወደ ፈንክሽኖቹ የሚያመለክተው ጠቋሚ ባዶ ይሆንና ጠሪ ያጣው ኮድ ይጣላል። ስለዚህ በእንቅልፍ ኮድ ውስጥ ያለ የአጻጻፍ ስህተት እንቅልፍ ለማያውቀው ራውተር ሲገነባም ይያዛል።

ኢፍዴፍ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ያኔ መመሪያው ፈንክሽኑን ከመሃል መቁረጥ ሳይሆን ሙሉውን ማጠርን ይመርጣል፤ አጥሩ ረዘም ካለም ከኤንዲፉ ጎን የምርጫውን ስም መጻፍን ይመክራል።

የሊኑክስ ኮድም መመሪያውም ለሁሉም ክፍት ናቸው። በወለጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ፕሮግራሚንግ የሚማር ወጣት አንድ ድራይቨር ከፍቶ ኢፍዴፎቹን ይቁጠር፤ የትኞቹ ወደ ሄደር ፋይል ሊሄዱ እንደሚችሉም ይፈትሽ።